ሰባት ዓመት በሞላኝ ዕለት የተጋገረው ቶርታ

ልጅ ሳለሁ በአስመራ ልደቱን በቶርታ የሚያከብር የጣልያን ልጅ ብቻ ነበር። እኛ በየትኛው ታቦት ዋዜማ ወይም ማግስት እንደ ተወለድን እናውቃለን፤ ከዚያ ያለፈውን የሚጠይቀን አልነበረም። ስለዚህ በነጻነታችን መባቻ ስድሳ ዓመት ሞላህ ተብዬ፣ ቃሓውታ በሚገኘው ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሻማ የተተከለበት ክብ ቶርታ ሳይ፣ ከደስታ ይልቅ ቁጣ ቀደመኝ።

ቁጣዬ የሚጀምረው ከቀኑ ነው። መታወቂያ ላወጣ የሄድሁ ጊዜ ጸሐፊው ወጣት መቼ እንደ ተወለድሁ ጠየቀኝ። «በታኅሣሥ ገብርኤል፣ ማምሻውን» አልሁት። «አቦይ፣ ወረቀቱ ታቦት አያውቅም» አለና በፈረንጆች ዓመት መጀመሪያ ቀን ጻፈኝ። ከፊቴና ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት ሽማግሎችም ሁሉ በዚያው ቀን ተወልደው ወጡ። ልጄ ለተብርሃን ደግሞ ወረቀቱን አምና ድግሱን በዚያ ቀን አሰናዳች። ቀኑ በጾመ ነቢያት ውስጥ እንደሚውል ግን አልዘነጋችም፤ ከሥራ ባልደረባዋ አዲስ አሠራር ተቀብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትሞክር ሰነበተች። የመጀመሪያው ከመጋገሪያው አልላቀቅ አለ፤ ሁለተኛው መካከሉ ሰመጠ። ሦስተኛውን ይዛ መጣችና፣ «አቦይ፣ እንቁላል የለውም፤ ወተትም ቅቤም የለውም። በዘይትና በብርቱካን ጭማቂ ነው የጋገርሁት፤ የጾም ነው» አለችኝ።

የጾም ነው ማለትዋ ይበልጥ አበሳጨኝ። ጾም ምላስን መግራት ሆኖ ሳለ፣ ምላስን እያታለሉ ጾምሁ ማለት ከወዴት የመጣ ትምህርት ነው? ዕድሜዬን ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ጧፍ አብሩ እያልሁ ያስተማርሁትን ሰው ሻማ በትንፋሽህ አጥፋ ሊሉኝ መሆኑም ከነከነኝ። ተግሣጹ ከአፌ ሊወጣ ሲል የትኩስ ስኳር ሽታ ከአፍንጫዬ ደረሰ፤ ሃምሳ ሦስት ዓመትም ወደ ኋላ መለሰኝ።

እናቴ ባልዋ የሞተባት፣ የጣልያኖች ልብስ በማጠብ የምታሳድገኝ ሴት ነበረች። ቤታችን ከቤት ጊዮርጊስ ኮረብታ ቁልቁል ነበር። ቶርታ ሲሠራ ያየችው በምታጥብበት ቤት ነው፤ ፊደል ስለማታውቅ አሠራሩን በቃልዋ ያዘችው። በእኛ ልማድ ሕፃን ሰባት ዓመት እስኪሞላው አይጾምም፤ ከሞላው ግን ከትልልቆቹ ጋር ይቆጠራል። እኔም ሰባት የሚሞላኝ በጾሙ መካከል ነበርና፣ «መጾም ሳይጀምር አንድ ጊዜ የሰው ልጅ የሚበላውን ይብላ» ብላ ቈረጠች። አንዲት ዶሮ ነበረችን፤ እርስዋ የጣለቻቸውን አራት እንቁላሎች እናቴ በዱቄት ውስጥ ደብቃ አቈየች።

ፎርኖ የሚሉት የመጋገሪያ ምድጃ ስላልነበረን ሊጡን በድስት አድርጋ ከሥሩ ፍም፣ ከክዳኑም በላይ ፍም አደረገችበት። ራስዋ ጾመኛ ነበረችና ሊጡን ልትቀምስ አትችልም። ማንኪያውን ለእኔ እየሰጠች «ስኳሩ በቃው?» ትለኛለች። «ገና ነው» እላለሁ። ጨምራ ትሰጠኛለች። ለሦስተኛ ጊዜ ገና ነው ስላት፣ «አንተ ሌባ፣ ጥሬውን ልትጨርሰው ነው» ብላ ሳቀች። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ያየሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።

የእናቴ ስሕተት ሰው ሁሉ እንደ እርስዋ ቅን መስሎአት መታለልዋ ነው። ፊደል ያስቈጠሩኝ የኔታ ከንግሡ ሲመለሱ በደጃችን ሲያልፉ አይታ፣ ራስዋ ወጥታ ጠራቻቸው። ገቡ፤ አሸተቱ።

«ምንድን ነው ይህ?»

«የልጁ ነው፣ የኔታ። ዛሬ ሰባት ዓመት ሞላው፤ ይባርኩልን።»

«ሰባት ከሞላው እንቁላሉ ለማን ነው?»

ደነገጠች፤ ዝም ግን አላለችም። «የወለድሁት ማምሻውን ነው፣ የኔታ። ፀሓይ እስክትጠልቅ ገና ስድስት ነው።»

«አሁን ደግሞ አንቺ ሊቅ ሆንሽልን» አሉ። «ከጣልያኖቹ ቤት ሳሙናውን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሃይማኖቱንም ይዘሽ መጥተሻል።»

በደጁ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሳቁ። የኔታ ወደ እኔ ዘወር ብለው ቶርታውን አውጥቼ ለውሻ እንድሰጥ አዘዙኝ። እናቴንም ሰው ሁሉ እያየ አርባ ስግደት አሰገዱአት። ድስቱን በደረቴ አቅፌ ወጣሁ፤ ሙቀቱ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። የጎረቤታችን ውሻ እኔ አፍንጫዬን ጠርጌ ሳልጨርስ በልቶ ጨረሰው። ፀሓይ ገና ከሰማይ መካከል ነበረች።

ከዚያ በኋላ ዜማውንም ቅዳሴውንም ተማርሁ፤ በመጻሕፍት ትርጓሜም ዓመታት ቈየሁ። የኔታ «ዕለት ከማታ ይገባል» የሚለውን ሥርዓት ጠቅሰው፣ ልጁ ሰባት የሞላው ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው ብለው ተከራክረዋት ቢሆን ኖሮ ባከበርኋቸው ነበር። እርሳቸው ግን ክርክርዋን መመለስ ትተው ሴትዮዋን ሰደቡ። አንዲት መበለት ልጇን ደስ ልታሰኝ ያዘጋጀችውን ለውሻ የሚሰጥ ቀኖና በተማርሁት ሁሉ አላገኘሁም። ይህን ያደረጉት ስለ ጾም ቀንተው ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልቀበለውም፤ ያልተማረች ሴት በልጅ አመክንዮ ስላፋጠጠቻቸው ተናደው ነው።

ለተብርሃን ፊቴን አይታ ኖሮ እጅዋን በሽርጥዋ ጠርጋ የሳሕኑን ጫፍ ያዘች። «አልወደዱትም፣ አቦይ። ልመልሰው?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ያን ጊዜ በአፌ ያዘጋጀሁት ተግሣጽ በማን ድምፅ ሊወጣ እንደ ነበረ ዐወቅሁ።

«ተዪው፤ ተቀመጪ» አልኋት። «ዘጠኝ ሰዓት ይሙላና እንቈርሰዋለን።»

«እወ፣ አቦይ» ብላ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ሰዓቱ ሲደርስ ጸልየን ቈረስነው። ሶዳው በዝቶበታል ብላት፣ «ለሰባኛው ይስተካከላል» አለችኝ።

ዛሬ የልደት ቀን በወረቀት ይጻፋል፤ የጾም ቶርታ አሠራርም ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። እኩዮቼ ሃይማኖት ላላ እያሉ ያማርራሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ብዙ አማርሬአለሁ። ነገር ግን የጠበቀ በምንለው በዚያ ዘመን፣ ደጁን የሞላው ሁሉ ጾመኛ ሆኖ ሳለ፣ እናቴን ክንድዋን ይዞ ተቀመጪ ያላት አንድ ሰው አልነበረም። እኔም እዚያው ነበርሁ፤ ድስቱን ይዤ ወጣሁ።