ብሎኑ የት ነው የሚኖረው?

ብሎን ከመሸጧ በፊት የታችኛው ከንፈሯ ላይ ታሳርፈዋለች። ሻይ በርዶ እንደሆነ የሚሞክር ሰው ይመስል ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ ብሎኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላ ትጎትተዋለች። ጣት ይዋሻል ባይ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲነካ የኖረ ጣት ቆዳው ደንድኖ ምንም አይነግርም። ከንፈር ግን ሰምቶ ዝም ማለት አያውቅም። ልስልስ ብሎ ከሸሸ በኤሌክትሪክ ስስ ዚንክ የተለበጠ ነው፤ እንደ ድመት ምላስ ከሻከረ ቀልጦ በሚንተከተክ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ነው።

ሰፈሩ «እመት ዝገት» ይላታል። ስሙን ያወጡላት አናጢዎች ናቸው፤ ሊያበሽቋት ነበር። እሷ ግን በማግስቱ ቀይ ቀለም ገዝታ ስሙን ከሱቋ በር በላይ ጻፈችው፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅበት ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ሲሆን፣ በየመሳቢያው ፊት በጽሑፍ ፈንታ አንድ አንድ ብሎን በሽቦ ታስሯል።

በወጣትነቷ አሥራ አንድ ዓመት የዚንክ መንከሪያ ፋብሪካ ሠርታለች። ብሎን በወንፊት ቅርጫት ሞልታ ዚንኩ ወደሚንተከተክበት ጋን ታወርድ ነበር። ጥቁር ሆኖ የገባው ብረት እንደ መስታወት እያበራ ይወጣል፤ ከዚያ አየር ሲነካው ዓይን እያየ ይደበዝዝና የንጋት ደመና ይመስላል። ብዙ ሰው ያን መደብዘዝ እንደ ጉድለት ያየዋል። ለእሷ ግን ብረቱ ካፖርቱን ቆልፎ ለዝናብ የተዘጋጀበት ሰዓት ነው።

ደንበኛ ሲገባ «ስንት ልስጥህ?» አትልም። «ብሎኑ የት ነው የሚኖረው?» ብላ ትጠይቃለች። አልጋ ውስጥ ከሆነ ዘይት የጠጣውን ጥቁሩን ትመዝናለች። ለወጥ ቤት ቁም ሣጥን ስሱና አብረቅራቂው ይበቃል፤ ለመታጠቢያ ቤት የማይዝገውን፣ ዝናብና የባሕር ነፋስ ለሚያገኘው ሁሉ ሻካራውን ግራጫ ትሰጣለች። አንዲት ወይዘሮ ከበሩ እጀታ ጋር እንዲሄድላቸው ለአጥራቸው በር ወርቃማ ብሎን ፈለጉ። በሩ ከአንድ ክረምት በኋላ ቡናማ እንባ ያለቅሳል ብትላቸው ተቆጥተው ወጡ። በዓመቱ ተመልሰው፣ ሱቁን አይተውት እንደማያውቁ ሆነው ግራጫውን ጠየቁ። እሷም ሴትዮዋን አይታቸው እንደማታውቅ ሆና ሸጠችላቸው።

የታናሽ እህቷ ባል አናጢ ነው። ከተጋቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናቸውም እስከ ዛሬ «ሙሽራው» ነው የምትለው። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ስር ሲሠራ ኖሮ ዘንድሮ የመጀመሪያውን የራሱን ሥራ አገኘ። ባሕሩ ወደ ከተማዋ ሰርስሮ የገባበትን ጠባብ ውሃ የሚያሻግረውን የእግረኛ ድልድይ የእጅ መደገፊያ እንዲያድስ ተሰጠው። ቅዳሜ ጠዋት አሳምሮ ካስረከበ፣ የከተማው ሥራ ተቆጣጣሪ የጀልባ ማረፊያውን እድሳትም ሊሰጡት አስበዋል። ካላማረ ግን ተመልሶ የሰው አገልጋይ መሆኑ ነው።

ሙሽራው መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው አብረቅራቂው ላይ ነበር። ብዙ ተከራክራ መቶ ሃያ ግራጫ ብሎን አስያዘችው። ረቡዕ ከሰዓት ግን ላቡን እየጠረገ ብቅ አለና የብሎን ጥርስ መቅረጫ እንዳላት ጠየቃት፤ የራሱ ደንዝዞበታል። ምን ልትቀርጽበት ነው አለችው። እሱም በኩራት ነገራት፦ ብሎኑ ጫፍ ላይ ተሽከርክሮ የሚጠብቀው ዳዶ አልገባ ሲለው የብሎኖቹን ጥርስ አንድ በአንድ ቀርፎ አስተካክሏቸዋል፤ አርባ ስድስቱን ጨርሷል፤ አሁን ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ነው የሚገቡት።

ከኪሱ አንዱን አውጥቶ ሰጣት። ጥርሱ ራቁቱን ሆኖ ያብለጨልጫል። ዚንኩ የለም።

ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ልትቆጣው አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን ብሎኑን የሸጠችለት ቀን ራሷ ያደረገችው ትዝ አላት። ግራጫው ብሎን ካፖርቱ ወፍራም ስለሆነ ዳዶው ሰፋ ተደርጎ የተሠራ መሆን አለበት፤ ለዚህም ነው ከሱቋ የሚወጣ ብሎን ሁሉ ገዢው ፊት ዳዶ ገብቶለት የሚሞከረው። ለባዳ ሁሉ ታደርገዋለች። ሙሽራው ግን የቤት ሰው ነው፤ ሲጣደፍ ደግሞ ነበር፤ እየሳቁ ሲያወሩ ዳዶውን ሳትሞክር ከተራው መሳቢያ ዘግና ሰጠችው።

«አርባ ስድስቱም ይወጣሉ» አለችው።

ሙሽራው ሳቀ፤ የምትቀልድ መስሎት። ሱቁ ውስጥ የነበረው ግራጫ ሁሉ ለእሱ ስለሄደ፣ አዲሱ ብሎን ሰፊ ዳዶውን ይዞ ከፋብሪካው እስኪመጣ ማክሰኞ እንደሚሆን ስትነግረው ሳቁ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ መላ አመጣ።

«እትዬ፣ በግራጫ ቀለም ብንነካካውስ? ማን ያያል?»

«ባሕሩ ያያል።»

«አንቺ ምን አለብሽ፤ ስሜ የሚጠፋው እኔ።»

«አይጠፋም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የምናገረውም እኔ ነኝ። አንተ ሂድና መፍታት ጀምር፣ ሙሽራው።»

ያን ማታ ሁለት ብሎን ብርጭቆ ሙሉ የጨው ውሃ ውስጥ ነክራ አሳደረች፤ አንዱ የተቀረፈ፣ አንዱ ያልተነካ። ሐሙስ ጠዋት ብርጭቆውን በክዳን ይዛ ተቆጣጣሪው ቢሮ ገባች። ሰውየው ለቅዳሜ እንግዶች መጥራታቸውን ገና በሰላምታው መሃል ነገሯት። አልተከራከረችም። ብሎኖቹን አውጥታ መሐረብ ላይ አስቀመጠችላቸው። ያልተነካው እንደ ትናንቱ ግራጫ ነው፤ የተቀረፈው ጥርሱ ሁሉ ብርቱካናማ ዱቄት አብቅሏል። በአንድ ሌሊት።

«ዳዶውን አሳስቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለቻቸው፤ «አናጢው የሰጠሁትን ለማስገባት ነው የደከመው። ቅዳሜ ቢከፍቱት ማንም አያውቅብዎትም። ከሦስት ክረምት በኋላ ግን መደገፊያው ሰው ሲደገፍበት ይዞት ይሄዳል። እስከ ረቡዕ ይስጡንና ሠላሳ ዓመት ይርሱት።»

ተቆጣጣሪው የተቀረፈውን ብሎን አንስተው አገላበጡት። ዱቄቱ ጣታቸው ላይ ቀረ። የእንግዶቹን ዝርዝር ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ድልድዩ ላይ እንደሚገኙ፣ አንድ ብሎን ከላላ ግን ስለ ጀልባ ማረፊያው ማንም እንዳያነሳባቸው አስጠነቀቋት።

ብሎኑ ማክሰኞ ማለዳ ደረሰ። ሱቋን ዘግታ ድልድዩ ላይ ዋለች። እያንዳንዱን ዳዶ በእጇ እስከ መጨረሻው አሽከርክራ እየሞከረች ታቀብላለች፣ ሙሽራው በመፍቻ ቁልፍ ያጠብቃል። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። ሃያኛው ላይ ሲደርስ፣ ዝገት ባይኖር እኮ ሥራ ፈት ነበርሽ ብሎ ነካካት። አንተም እንደኔ ያለች የሚስት እህት ባትኖርህ ቡናማ እንባ የሚያለቅስ ድልድይ ሠርተህ ነበር አለችው።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። መደገፊያውን በየምሰሶው ወዘወዙት፤ ቁልፍ ተቀብለው የፈለጉትን ብሎን መረጡና ለማላላት ታገሉ። አንዱም አልተነቃነቀም። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ። ከዚያ ወደ ሙሽራው ዞረው፣ ማረፊያውን ሰኞ መጀመር ይችል እንደሆነ ጠየቁት። ሙሽራው መልስ ከመስጠቱ በፊት እሷን አየ።

«ብሎኑን እትዬ ከመረጠችልኝ» አለ።

«ዳዶውን ግን ሱቅ መጥተህ፣ ሞክረህ ነው የምትወስደው» አለችው። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ሱቁ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው፤ እዚያ ማዶ ደግሞ ሁለት ደንበኞች በሩ ላይ ቆመው ይታያሉ። ድልድዩ መሃል ስትደርስ ቆመች። መደገፊያው ላይ ጀርባዋን ሙሉ ለሙሉ ጥላ፣ ስሩ ጥልቅ ውሃ፣ አንድ እግሯን አንስታ ጫማዋ ውስጥ የገባውን ጠጠር አራገፈች። ጫማዋን መልሳ አጠለቀችና ወደ ኋላዋ ሳትዞር ወደ ማዶው ሄደች።