አጎቴ ያጣመማቸው ብዕሮች

አጎቴ የቀለም ብዕር ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። እዚያው ቀለም እየሞላሁ ስላደግሁ፣ ስለ እሱ ሳወራ አላሽሞነሙንም። ደረቅ ሰው ነው። ሲያመሰግኑት እንኳ ፊቱ አይፈታም።

ርካሽ ብዕር የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ለእሱ ያሳያል። አጎቴ ክዳኑን ይከፍታል፤ የብረት ጫፉን ወደ መስኮቱ ያዞርና የተቀረጸበትን ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይዳብሳል። የኦሪጅናሉ ጽሑፍ ጥፍር ይይዛል፤ የፎርጅዱ ያንሸራትታል። ፎርጅድ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዶ ጫፉን በፒንሳ ያጣምመዋል። «ሌላ ሰው እንዳይሸወድበት» ይላል። ሰፈሩ በዚህ ያከብረው ነበር፤ እኔም እኮራበት ነበር።

«ለመሆኑ ተሳስተህ ታውቃለህ?» አልኩት አንድ ቀን፣ ነገር ፍለጋ።

«ጥፍሬ አይዋሽም።»

ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ደብተርና ብዕር የሚዘረጋ ሰው ነበር። ሳቅ ስለሚያበዛ ፍልቅልቁ ይሉታል። አንድ ጠዋት ከእሱ የተገዛ ብዕር መጣልን፤ ጥፍር አልያዘም። አጎቴ ፒንሳውን ይዞ ተሻገረና የካርቶኑን ብዕር አንድ በአንድ ዳበሰ። ሁሉም ያንሸራትታል። ወላጆችና ተማሪዎች ከበው እያዩ፣ እዚያው የምትማረው የሰውዬው ልጅም እያየች፣ «ሁሉም ፎርጅድ ነው» አለ። ያን ቀን ማስፈቀዱንም ረሳ፤ አንድ ሳያስቀር አጣመማቸው። ፍልቅልቁ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ከአስመጪው ነው ያመጣሁት» ከማለት በቀር አልተከራከረም። እኔ አጨበጨብኩ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲያ ከእሱ የሚገዛ ጠፋ። በወሩ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ያው አስመጪ ለሱቃችን ያዘዝነውን ያልተከፈተ የብዕር ካርቶን ላከ። አጎቴ አንዱን አውጥቶ ዳበሰ። ደግሞ ዳበሰ። ያንሸራትታል። ከዚያ ለአስመጪው ደወለ። ፋብሪካው ማሽን ቀይሮ ጽሑፉን ስስ አድርጎ መቅረጽ ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ሁሉም ኦሪጅናል ነው። አጎቴ ስልኩን ዘግቶ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚሉት ያን ቀን ገባኝ። አንጀቴን በላው፤ ደግሞም ተናደድኩበት።

ጠይቆ አጠያይቆ ፍልቅልቁን አንድ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ሆኖ አገኘው። አብሬው ነበርኩ።

«ብዕሮችህ ኦሪጅናል ነበሩ» አለው። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ ጋሼ። እኔማ አውቀው ነበር። ግን ለልጄ ይንገሩልኝ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ይዞን ሄደ። ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። አጎቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«ያን ቀን አባዬ ‹ፎርጅድ ከሆነ አንቺን ይንሳኝ› ብሎ ምሎልኝ ነበር» አለች። «አላመንኩትም። እኔ ያመንኩት እርስዎን ነው።»

አባቷ ከኋላችን ቆሞ ሰምቷል። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«በቃ፣ ነይ እንግባ» አላትና እጇን ይዞ ገባ። አጎቴ የሚሄድበት ጠፍቶት እዚያው ቆመ።