በመቀስ የተቆረጠ ድር

ክር የሚሰጠኝ ነጋዴ ድሬን በመቀስ ቆረጠው። ግማሹ ገና ያልተሸመነ ጋቢ ነበር። እኔ እግሬን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እንደከተትኩ፣ ፊቴ ቆሞ ከርች ከርች አደረገና ጠቅልሎት በማኪና ሄደ።

ጥፋቴ ለጎረቤቴ አንድ ነጠላ መሸጤ ነው። ነጠላው ሚስቴ በእጇ ከፈተለችው ጥጥ የተሠራ ነው፤ የነጋዴው ክር አልነካውም። ግን አራዳ ገበያ ባለው ሱቁ ውስጥ ክር ሲሰጠኝ፣ "የሸመንከውን ሁሉ ለእኔ፣ እኔ በምለው ዋጋ" ብሎ ሰው ፊት ቃል አስገብቶኛል። እሺ አልኩ። ምን ላድርግ? የፋብሪካ ክር ከመጣ ወዲህ የሰፈሬ የቁስቋም ሴቶች እንዝርታቸውን ጥለዋል፤ ሚስቴ ብቻዋን ፈትላ አታደርሰኝም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ከተፈረደብኝ ሽመናውን ትቼ፣ ቆላ ሳንጃ ወርጄ የሰው ሰሊጥ ማጨድ ነበር የሚቀረኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያነበብኩትን እንደ ዋዛ አላልፍም። በዚያ ሰሞን የማታ አስተማሪዬ ያዋሰኝን የታሪክ መጽሐፍ ይዤ ነበር። ስለ ህንድ ነው። የእንግሊዝ ነጋዴዎች ለሸማኔው ቀብድ ይሰጡና ለሌላ እንዳይሸጥ ይከለክሉታል፤ ዋጋውን የሚቆርጡት እነሱ፤ እንቢ ያለ ይገረፋል። ኋላ አገሪቱን ያዟት። የህንዱ ጨርቅ እነሱ አገር እንዳይገባ ቀረጥ ጫኑበት፤ የራሳቸውን የማሽን ጨርቅ ግን ህንድ ላይ አራገፉት። ገበሬውንም እህል በሚዘራበት መሬት ላይ ለማቅለሚያ የሚሆን ተክል አስተከሉት። ሥራ የፈታው ሸማኔ ወደ እርሻ ሄደ፤ መሬቱም አልበቃ አለ። ሳነበው ሰውነቴ ነደደ። ይሄንን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ አራዳ ሱቅ አለው፣ አልኩ።

መጽሐፉን ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው፤ እየተንተባተብኩም ቢሆን።

"ጉድ በሉ! ቁጢት በጣሽ መጽሐፍ ገለጠ!" አለ ነጋዴው፤ ሸማኔን የሚሰድቡበት ስም ነው።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ግራ ገባቸው። "ምነው ወንድሜ፣ ህንድን እዚህ ምን አመጣት?"

"ክሯ መጥቶ የለም ወይ፣ አያ? ይሄ ሰው የሚሰጠን ክር ከዚያ የመጣ ነው" አልኩ።

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እዚያ አገር የሐር ክር አጠንጣኞች፣ እንግሊዞቹ በግድ እንዳያሠሯቸው ሲሉ የገዛ አውራ ጣታቸውን ቆረጡ ይባላል፤ እሱንም አነበብኩላቸው።

"እንግዲያ አንተም ቁረጥና ገላግለን፣ አያ ሸማኔ!" አለ ነጋዴው።

"እነሱ የቆረጡት እንቢ ማለት ስለተከለከሉ ነው። እኔ አፍ አለኝ። እንቢ ብያለሁ።"

ሰብሳቢው ወደ ነጋዴው ዞሩ። "ድሩን ስትቆርጥ ማን ፈርዶልህ ነው?"

"ክሩ የእኔ ነው።"

"ድካሙስ የማን ነው?"

ነጋዴው ጫማውን አየ። ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፦ የቆረጠውን ጋቢ ይመልስ፣ ለተበላሸው ድር ምትክ ይስጥ፤ ቃሌ ፈረሰ፣ ለፈለግሁት እሸጣለሁ። የቀረ ክሩን ደግሞ እንድመልስለት አዘዙኝ፤ መለስኩ። ከእንግዲህ ክር ከየት እንደማመጣ የጠየቀኝ የለም። "ይቅር ለእግዚአብሔር" ተባባልን። እኔ በአፌ ነው ያልኩት።

ነገሩ ያለቀው ኅዳር ሰባት ቀን፣ በቁስቋም በዓል ማግስት ነው፤ ክር የቀረኝ ሚስቴ እንዝርት ላይ ያለው ብቻ ነበር።