ልጄን የፈተንኩ ዕለት

ደባርቅ ውስጥ እንደዚያ ዲፕሎማ የናቅሁት ነገር የለም። በአንድ ወገን አማርኛ፣ በሌላው ወገን እንግሊዝኛ የተጻፈበት፣ ከግርጌው ወርቅማ ማኅተም የተለጠፈበት ወፍራም ወረቀት ነው። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ይዛው መጣች። በሁለት ቋንቋ ተምራ ተመርቃለች ይላል። እናቷ ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቀለችው። እኔ ብጠየቅ ከበሩ ኋላ ቢሰቀል ይሻለኝ ነበር።

ንቀቴ እንዲያው አልመጣም። እኔ አስጎብኚ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ፈረንጅ ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃበር፣ ጉልበት ያለውንም ከዚያ አልፎ እየመራሁ ኖሬአለሁ። እንግሊዝኛን የለቀምኩት ከእንግዶች አፍ ነው፤ በቅሎ ስጭን፣ ድንኳን ስተክል፣ የሰማሁትን ለራሴ ስደጋግም። መምህር አልነበረኝም፣ ደብተርም አልነበረኝም። ታዲያ ከረባት ያሰረ ርእሰ መምህር መጥቶ ለልጄ ቋንቋ አስተምራለሁ ሲለኝ እንዴት አልስቅ? ሰውየው ራሱ እንግሊዝኛ ሲናገር ጥሬ ሽንብራ የሚቆረጥም ይመስል ነበር።

ሲመረቁ ደግሞ የባሰውን አየሁ። ልጆቹን ጥቁር ካባና ባለ ዘርፍ ቆብ አልብሰው በደባርቅ ነፋስ መሀል ገተሯቸው። ግማሹ ቆብ ወደ ዳባት መንገድ በረረና ተመራቂው ሁሉ ካባውን ሰብስቦ ቆብ ማሳደድ ያዘ። ርእሰ መምህሩ ግን ፍንክች ሳይል አንድ ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ከወላጅ አንድም የገባው የለም። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ቄስ ሰውየው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር "አሜን" ይላሉ፤ ጸሎት መስሏቸው ነው። እኔም ጸሎት አይደለም ብዬ አልነገርኳቸውም። ከዚያ ሁሉ ንግግር ደኅናው የእሳቸው አሜን ነበር።

ትምህርት ቤቱ በተለይ የሚኩራራበት አንድ ልምምድ ነበረው። አንዱ ተማሪ በአማርኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ሦስተኛው መሀል ቆሞ ለሁለቱም ያስተረጉማል። ቃል የጨመረ ወይም ያስቀረ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ልጄ ይህን ጉድ ቤት ድረስ አመጣችው። እኔና እናቷ በወጥ ጨው ስንጨቃጨቅ መሀላችን ትቆምና ጭቅጭቁን ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች፤ ስድቡን እንኳ አታስቀርም። እናቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔ ግን "ይኸ የበቀቀን ሥራ ነው" እላት ነበር። "አስጎብኚ የሚያደርገው ሆድ ነው፤ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር የሚያውቅ ሆድ።"

አስጎብኚ መሆን እፈልጋለሁ ስትለኝ ደግሞ ከት ብዬ ሳቅሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣላትም ነበር። ያ ወረቀት ለዚህም አልጠቀማትም፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ። የቀራት ተስፋ የእኛ ማኅበር ብቻ ነበር። በማኅበራችን ደንብ አዲስ አመልካች እውነተኛ እንግዳ ይዞ አንድ ቀን ይወጣል። ሁለት ነባር አስጎብኚዎች አብረው ሄደው ይፈርዳሉ። ያለፈ ስሙ የሥራ ተራ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ የወደቀ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል። እሷም አመለከተች። ፈታኞቿ አንድ የሥራ ባልደረባዬና እኔ ሆንን። አባት ልጁን እንዴት ይፈትናል ያለ አልነበረም፤ እንግዶቹ እኔን በስም ጠርተው ስለመጡ ሌላ ሰው ሊሄድ አይችልም ነበር። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ሚስቲቱን ከብዙ ዓመት በፊት እኔው ነኝ ያስጎበኘኋት።

ጠዋት ስንነሣ ልጄ የጭላዳ ዝንጀሮውን፣ የጅብራ ተክሉን፣ የጦስኙን ነገር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ታነበንበው ጀመር። ከኋላ ሆኜ ባልደረባዬን ጠቀስኩት። እሱም አፉን በጋቢው ሸፈነ። ይህችን ምስኪን ልጅ እንዴት አድርገን ሳናስቀይም እንደምንጥላት ሁለታችንም እያሰብን ነበር መሰለኝ።

ቡይት ራስ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወንጭፋቸውን አንግተው ገብስ ሲጠብቁ አገኘን። አውቃቸዋለሁ፤ ማሳቸው ከመንገዱ ዳር ስለሆነ እንግዳ ይዤ ባለፍኩ ቁጥር ብድግ ብለው ይመጣሉ። ያን ዕለትም መጡ። ሴትዮዋ ስታያቸው በደስታ ጮኸች።

"አውቃቸዋለሁ! ያን ጊዜ ቆመው መርቀውን ነበር። ፎቷቸው ሳሎኔ ውስጥ አለ። ምርቃታቸውን አንድም ቀን እንዳልረሳሁ ንገሪልኝ" አለቻት ልጄን።

ልጄ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና "አባባ፣ 'አውቅዎታለሁ፤ ያን ጊዜ ቆመው መርቀውን ነበር፤ ፎቶዎ ሳሎኔ ውስጥ አለ፤ ምርቃትዎን አንድም ቀን አልረሳሁም' ይሉዎታል" አለቻቸው።

"ምርቃት?" አሉ ሽማግሌው። "እኔ? ኧረ እኔስ መርቄም አላውቅ። እኔ ሁልጊዜ የምል አንድ ነገር ነው። ጭላዳው ገብሴን ፈጀው፤ እንዳልመታው ሕግ ያዘኝ፤ አቤት ብል የሚሰማኝ አጣሁ። እናንተ ከሩቅ አገር የመጣችሁ ቃላችሁ ይሰማልና፣ ለሹማምንቱ ንገሩልኝ ነው የምል። ይኸው እኒህ ጌታው ናቸው የሚያስተረጉሙልኝ" በብትራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "እንግዶቹ ግን ይስቁልኛል፣ እጅ ይነሡኛል፣ ፎቶ ያነሡኛል። እስቲ አንች ልጄ፣ ምን ብለው ቢነግሯቸው ነው?"

ምን ብዬ እንደምነግራቸው እኔ አውቃለሁ። "ወደ ተራራችን እንኳን ደኅና መጣችሁ፣ እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ ይሏችኋል" ነበር የምለው። የከፋው እንግዳ ወዳጁን አይልክም፤ እኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ አስጎብኚ የለም፣ ይህን የማያደርግም የለም። ያንን ሁሉ ዓመት የሰውየውን አቤቱታ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ኖርኩ። እሳቸው ደግሞ ሰሚ ያገኙ እየመሰላቸው በመጣሁ ቁጥር ከማሳቸው ይነሡ ነበር።

ፈገግታዬን ሳላጠፋ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ተይው፤ 'አመሰግናለሁ ይላሉ' በያት" አልኳት ልጄን።

አየችኝ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ገብሱን ነገረቻት፣ ሕጉን ነገረቻት፣ ሳቁንና ፎቶውን ነገረቻት። 'ምን ብለው ቢነግሯቸው ነው' የሚለውንም አላስቀረችም። ስትጨርስም በዚያው ድምፅ "አባቴ ደግሞ 'አመሰግናለሁ ይላሉ በያት' ብሎኛል" አለቻት። ጆሮዬ ጋለ። አንድ የተሳሳተ ቃል ባገኝ ብዬ አዳመጥኩ፤ ላርማት፣ ልስቅባት። አላገኘሁም።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና "ይቅርታ በይልኝ፤ አሁን ግን ሊነግሩኝ የሚፈልጉትን ሁሉ ይንገሩኝ" አለች። ሽማግሌውም ተቀመጡ። ልጄ መሀል ቆመች። የትኛው ማሳ እንደጠፋ፣ የት የት አቤት እንዳሉ፣ ምን ብለው እንደመለሷቸው ተጠያየቁ። ሽማግሌው አንዴ ሳቁ፤ አንዴ ደግሞ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ የበቅሎዋን ልጓም ይዤ ቆሜያለሁ። ልጄ የቆመችበት ቦታ ሃያ ዓመት የቆምኩበት ይመስለኝ የነበረው ነው፤ ለካ አንድ ቀንም ቆሜበት አላውቅም። ሲነሡ ሽማግሌው ልጄን መረቋት። እሱንም ለእንግዶቹ አስተረጎመችላቸው።

ዲፕሎማው ይጠቅማል ወይ የሚለኝ ወላጅ ዛሬም አይጠፋም። ያን ዕለት ጥቅሙን በዐይኔ አይቻለሁ። የማይታገሡት ዓይነት ጥቅም ነው።

በማግሥቱ ከባልደረባዬ ጋር ለፍርድ ተቀመጥን። "ጎበዝ ናት፣ አልክድም" አለኝ። "ግን ይህች ልጅ ከገባች ገበናችንን ሁሉ ታወጣዋለች። ትናንት ያንተን ገበሬ፣ ነገ የእኔን። አንተ አባቷ ነህ፤ ትለፍ ካልክ እኔም ከአፍህ አልወጣም።"

ትለፍ ማለት አንድ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየመንገዱ፣ በየማሳው ጥግ፣ እኔ ሃያ ዓመት ያልኩትንና ያላልኩትን እየለየች ትሄዳለች። ርእሰ መምህሩን ንቄ ነበር፣ ካባውንና ማኅተሙንም ንቄ ነበር። ያን ከሰዓት በኋላ ራሴን እንደናቅሁት ግን ማንንም አልናቅሁም፤ ቢሆንም "ትውደቅ" አልኩ። ባልደረባዬ እፎይ አለና የፈተናውን ውጤት ቅጽ ገፋልኝ። "እንግሊዝኛው ካንተ ነው የሚያምር፤ ምክንያቱን አንተ ሙላው።"

ቅጹ በእንግሊዝኛ የሚሞላው ሥልጠናችንን ለሚረዱ የውጭ ሰዎች ስለሚላክ ነው። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ እናገራለሁ እንጂ አልጽፍም። ከቤተሰቤ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ገና ትንሽ ተማሪ ሳለች ጀምሮ ቅጼን ሁሉ የምትሞላልኝ ልጄ ናት። ለሌላ ሰው ብሰጥ ነውሬ ይወጣል። ስለዚህ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ቤት ይዤው ገባሁ።

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ስሟን አየች። እስከ ታች አነበበችና "ምክንያት የሚል ቦታ አለ" አለችኝ።

"እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው በይ።"

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ወረቀቱን ብትቀድልኝም ደስ ባለኝ። እሷ ግን የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለች።

"አባየ፣ 'ደካማ' እና 'በጣም ደካማ' የሚል ምርጫ አለው። በየትኛው ላይ ምልክት ላድርግ?"

"ደካማ ይበቃል" አልኳት።

ምልክት አደረገችና ምክንያቱን ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጥታኝ የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። ፈረምኩ።