የሰይሃቷ ትራክተር አዲስ ባትሪዎች

እዚህ ሳውዲ፣ ሰይሃት ከተማ የሚሠሩት ወዳጄ ደውለው "ና፣ ባትሪ እንቀይር" ሲሉኝ ደስ አላለኝም። አርብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኾበር ሆስፒታል ውስጥ የተበላሸ ማሽን ስጎረጉር ከርሜ የማርፍባት ቀን ናት። ቀጥለው ያሉት ግን አስነሳኝ። "ትራክተሯ ካልተነሳች እኔም ኹሩጅ ነኝ።" ኹሩጅ ማለት የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ተመትቶ ወደ አገር መሸኘት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአጎቴ አይተናነስም። ካፊላቸው፣ ማለትም አሠሪያቸው የሆነ የአንድ ሽማግሌ የቴምር እርሻ ይንከባከባሉ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ቆይቷል። ማዳበሪያውን የምታመላልስላቸው እኔ ሳልወለድ የተሠራች፣ ነዳጅ የማትጠጣ፣ በባትሪ ብቻ የምትሄድ ትንሽ ትራክተር ነበረች። ባትሪዎቿ ሞቱ። ሥራውን የተረከበው የካፊሉ ልጅ መጥቶ አየና ፈረደ፦ እስከ አርብ ካልሄደች እሷ ለቆራሌው፣ እሳቸው ወደ አገራቸው፣ በቦታቸው ጉልበታም ወጣት። እሳቸው ደግሞ ሴት ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ እስክትጨርስ መቆየት አለባቸው።

ስደርስ የመጋዘኑ በር ተዘግቷል። አዋራው እንዳይገባ ብለው፣ አዲሶቹን ባትሪዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቻርጅ ሲያደርጉ አድረዋል። በሩን ስከፍት መፍቻ ይዘው አንዱ ባትሪ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በወጣትነታቸው ደሴ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። እዚያ ባትሪ የሚፈተነው ሁለቱን ጫፎች በብረት ነክቶ ብልጭታውን በማየት ነው። ቻርጅ ሲደረግ ያደረ ባትሪ ግን የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ያቺ ብልጭታ ባትሪውን አፈንድታ አሲዱን ዓይን ውስጥ ልትረጨው ትችላለች።

"አንተ! ተው!" ብዬ ጮህኩ።

አንተ ብያቸው አላውቅም ነበር። መፍቻውን ቀስ ብለው መልሰው አዩኝ። "አብሽር ወንድሜ፣ ምን ሆነሃል?"

ንዴቴ ቶሎ አይበርድም። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ውጭ አወጣኋቸውና ዓይንዎ ከጠፋ ትራክተሯን ማን ሊነዳት ነው እያልኩ ተቆጣሁ። ለታላቅ የማይባል ሁሉ ብያለሁ። ሰምተው ሲያበቁ "ኸላስ፣ አንተ እንዳልከው" አሉ።

በርና መስኮቱን ከፍተን አየሩ እስኪለወጥ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ኤሌክትሪኩን እንዳይነካ የብር ቀለበታቸውን በሳሙና ታግለን አወለቅን። ብረቱ በስህተት ሁለት ጫፍ እንዳይነካ የመፍቻውን እጀታ በናስትሮ ጠቀለልኩት። ጓንትና መነጽር አደረግን። አሮጌዎቹን ከመፍታታችን በፊት የገመዶቹን አካሄድ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጋቲቭ ጋር ነው የሚያያዘው፤ አንዱ ከተገለበጠ ትራክተሯ አለቀላት። ባትሪዎቹ ከባድ ስለሆኑ እያንዳንዱን ለሁለት አነሳን። አሲድ የበላውን የባትሪዎቹን መቀመጫ በቤኪንግ ሶዳ አጠብን። ገመድ ባሰርን ቁጥር እሳቸው ቢስሚላህ ይላሉ፣ እኔ በቴስተር እለካለሁ። የመጨረሻዋን ገመድ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ሁለቴ ለካኋት።

አጠገቧ ቆመው ቁልፉን አዞሩ። ምንም የለም። ከዚያ እሳቸው ግንባራቸውን መቱና "ወንበሯ ላይ ሰው ካልተቀመጠ አትነሳም እኮ" አሉ። ወጡ፣ ተቀመጡ፣ አዞሩ። ያለ ድምፅ ፈቀቅ አለች። እኔ እፎይ ብዬ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

የካፊሉ ልጅ አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ መጥቶ ስትሄድ አያት። ማን እንደሠራት በአረብኛ ጠየቀ። እኔ ለሠራሁት ነገር መመስገን የምወድ ሰው ነኝ፤ እሳቸውም ወደ እኔ ሊያመለክቱ እጃቸውን አንስተው ነበር። ቀደምኳቸውና "ሁወ" አልኩ፤ እሱ ነው ማለት ነው። ልጁ ከላይ እስከ ታች አያቸው። "ጠይብ። ኹሩጅ ማፊ" ብሎ ወደ ቤት ገባ፤ እሺ፣ መባረሩ ቀርቷል ማለቱ ነው።

እሳቸው ከወንበሯ ሳይወርዱ አገር ቤት ላሉት ሚስታቸው ደወሉ። ስልኩ ድምፁን ያወጣል። ትራክተሯ እንዴት እንደተነሳች ሊተርኩ ሲጀምሩ ሚስታቸው አቋረጧቸው።

"እና አትመጣም?"

"አልመጣም።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሚስታቸው፤ ወዲያው ማልቀስ ጀመሩ። እሳቸውም "አልሐምዱሊላህ" ብለው ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆዩ። ከተያዩ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ልጠይቃቸው አልደፈርኩም።