ጋሽ ተፈራ ጫፉን የማይዘጉት ለምን ነበር?

እዚህ ስዊድን፣ በሃግሴትራ ሰፈር ለረጅም ዓመታት የኖሩት፣ አንዳንዶቻችሁ በፔንደልቶግ ባቡር ሾፌርነታቸው፣ አብዛኞቻችሁ ግን በሹራብ መርፌያቸው የምታውቋቸው ጋሽ ተፈራ፣ ከጥምቀት ማግስት ባለው ሳምንት በቤታቸው ማረፋቸውን ሰምታችኋል። በቀብራቸው ዕለት ጥቂት ቃል እንድናገር ተጠይቄ ነበር፤ ጀምሬ ሳልጨርስ ተቀመጥኩ። አርባቸው ሳይደርስ ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት አንድም ስለዚያ ነው። ሌላው ምክንያቴ ደግሞ ሁላችንም ለዓመታት ስንጠይቅ ለኖርነው ነገር መልስ በማግኘቴ ነው።

እኔን ጋሽ ተፈራ «መርማሪዋ» ይሉኝ ነበር። ስሙ ያለ ነገር አልወጣልኝም። ቤታቸው በገባሁ ቁጥር ጥያቄዬ አያልቅም። ክሩን ለምን ድስት ውስጥ ያስቀምጡታል? እንዳይሸሽ። መርፌው ለምን እንጨት ሆነ? ብረቱ ይጮሃል። ወንድ ሆነው ሹራብ ከየት ተማሩ? ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት ቤተ ክርስቲያን ያለው ሰው ሁሉ ጠይቋቸዋል፤ አንዳንዱም ለማሾፍ ነበር። ጡረታ በወጡ ሰሞን፣ ከሕንፃው ሥር ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ማሽኑ እስኪጨርስ ሲጠብቁ፣ አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት ጎረቤታቸው ነበሩ ያስተማሯቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ እጄ አንድ እጀታ ጨብጦ ነው የኖረው፤ ዐሥር ጣት እንዳለኝ ያወቅሁት ጡረታ ስወጣ ነው» ይሉ ነበር።

የሚሠሩት ሻርፕ ብቻ ነው። ኮፍያ የለ፣ ካልሲ የለ። ለማን እንደሚሠሩ የሚመርጡትም ራሳቸው ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆመው የሰውን አንገት ያያሉ። የመጀመሪያ ብርዱን በነጠላ ሊያልፍ የሚሞክር አዲስ መጤ ካዩ ይጠጉና ቤታቸው ይጋብዙታል። ቤት ሲደርስ ከወጥ ቤቱ በር መቃን ጋር ያቆሙትና ከእግሩ እስከ ራሱ ቁመቱን በክር ይለኩታል። ሻርፕ የባለቤቱን ቁመት ማከል አለበት፤ ከዚያ ካነሰ አንገት ላይ አይዞርም፣ ከበለጠ ደግሞ የቱንልባናው፣ የምድር ውስጡ ባቡር፣ በር ይይዘዋል ብለው ያምኑ ነበር። ያ የተለካበት ክር የሰውየው ስም ተጽፎበት መቃኑ ላይ ይንጠለጠላል። ወጥ ቤታቸው ሁልጊዜ በክር የተሞላ ነበር።

እንቆቅልሹ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሻርፑ ቁመቱን ሲያክል ጋሽ ተፈራ ሥራውን ያቆማሉ። የመጨረሻውን ጫፍ አይዘጉትም። የክሩ ቀለበቶች፣ ዐይኖቹ፣ መርፌው ላይ እንደተሰኩ በወረቀት ከረጢት ያስቀምጡትና ለባለቤቱ ይደውላሉ፤ መጥተህ ዝጋና ውሰድ ይሉታል። በፖስታ ይላኩልኝ ማለት አይሠራም። ሰው ልላክ ማለትም አይሠራም። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ተቀምጦ፣ አንዱን ዐይን በሌላው ላይ እያሳለፈ እስከ ዳር መዝጋት አለበት። ክሩ ተቆርጦ ሲያበቃ ጋሽ ተፈራ ይነሡና ሻርፑን በሰውየው አንገት ላይ ጥለው «በላይህ ይለቅ» ይላሉ። ከዚያ በፊት አይሉም።

ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ጠየቅኋቸው። አንድ ቀን ዐይኔ ደክሞ ነው አሉኝ። ሌላ ቀን ሰው ሥራ እንዳይጠላ ብዬ ነው አሉ። ሦስተኛ ስጠይቃቸው ድስቱን እያሳዩ «እሱን ጠይቂው» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚወራው ደግሞ ሌላ ነበር፤ አሮጊቷ አስተማሪያቸው መዝጋቱን ሳያስተምሯቸው ስለሞቱ አይችሉበትም ይባላል። እኔም አመንኩ። አዘንኩላቸውም። ከስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ አዘጋጉን ተማርኩና አንድ ቅዳሜ እሳቸው ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ከረጢት ውስጥ ያገኘሁትን ሻርፕ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ላስደስታቸው ብዬ ነበር።

ሻርፑ የአንዲት ከኡፕላንድስ ቬስቢ የምትመጣ፣ አገሩን ከረገጠች ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ ነበር። ጋሽ ተፈራ ተመልሰው ሲያዩት አልተቆጡም። መነጽራቸውን አድርገው ገለባብጠው አዩትና አዘጋጉ ጥሩ መሆኑን፣ ትንሽ እንደጠበቀ ግን ነገሩኝ። ከዚያ ክሩን ይዘው ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ እያደረጉ የሠራሁትን ሁሉ ተረተሩት። ዐይኖቹን አንድ በአንድ መርፌው ላይ ሲመልሱ እጃቸው ከእኔ እጅ በሦስት እጥፍ ይፈጥን ነበር። መዝጋት እንደሚችሉ ያወቅሁት ያኔ ነው።

«መርማሪዋ፣» አሉኝ፣ «በሰው ልብስ ላይ አትቅደሚ።»

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ቀደም ብላ ሁለት ጊዜ መጥታ ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» በስተቀር ቃል አልወጣትም ነበር። ያን ቀን ግን እጇ ሥራ ስለያዘ ይሁን ወይ ቀና ብላ የሰው ፊት ማየት ስለቀረላት፣ ግማሽ ላይ ስትደርስ ስለ እናቷ መናገር ጀመረች። ጋሽ ተፈራ አንድም ጥያቄ አልጠየቋትም። ዐይን ስታመልጣት ብቻ እጃቸውን ዘርግተው ያነሡላታል። ሰው ሳይጠየቅ ሲናገር በሕይወቴ ያን ያህል ገርሞኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ምሥጢሩን ያገኘሁት መስሎኝ ነበር፤ ሰው እንዲመጣላቸው፣ እንዲያወራም ነው አልኩ። ግማሹ ልክ ነበር።

ባለፈው መስከረም እኔንም መቃኑ ላይ አቆሙኝ። ሁዲንጌ ሆስፒታል በነርስ ረዳትነት ስለምሠራና አውቶቡስ ስጠብቅ ስለሚያዩኝ ጥቁር አረንጓዴ ክር መረጡልኝ። በኅዳር ደወሉ፤ አልቋል፣ መጥተሽ ዝጊ አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። ሌላ ፈረቃ መጣ፣ ልጄ ታመመ፣ ገና ደረሰ። ሦስት ጊዜ ደውለዋል። አንድ ጊዜም አልወቀሱኝም፤ «ሻርፕ አይቸኩልም፣ ይጠብቅሻል» ነበር ያሉኝ የመጨረሻው ቀን። ለሁሉ ነገር ለምን ብዬ የምጠይቀው እኔ፣ ለምን እንደማልሄድ ራሴን አልጠየቅሁም። ቅርብ ናቸው፣ የትም አይሄዱም ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ሊያ ደወለችልኝ። ሊያን የምታውቋት ታውቃላችሁ፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛ ስታዋሯት ሁሉንም ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። ቤታቸው ስገባ ከረጢቱን ሰጠችኝና አባቷ ለምን ጫፉን እንደማይዘጉ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እሷ አንድ ቀን ጠይቃቸው ነግረዋት ነበር።

የጋሽ ተፈራ አባት ከአንኮበር ወዲህ ባለ መንደር ሸማኔ ነበሩ። ሸማ ሠርተው ሲጨርሱ ባለቤቱ መጥቶ በእጁ ካልቆረጠው ከሽመና ዕቃው አያወርዱም ነበር፤ የእሳቸው ልማድ ነው። ጋሽ ተፈራ አዲስ አበባ ሲማሩ ጓደኞቻቸው በሸማኔ ስድብ «ቁጢት በጣሽ» እንዳይሏቸው አባቴ ገበሬ ነው ይሉ ነበር። አባት ለልጃቸው ጋቢ ሠርተው፣ መጥተህ ቁረጠው ብለው ላኩባቸው። ጋሽ ተፈራ በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ አሉ። ያ ወር ሳይመጣ አገሩ ተናወጠ፣ እሳቸው በሱዳን በኩል ወጡ፣ አባታቸውም ሞቱ። ጋቢው ማን እንዳወረደው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መዝጋቱን ከመጀመሬ በፊት ግን ልማዴ አልለቀቀኝምና ሻርፑን ከመቃኑ ጋር ለካሁት። ከእኔ ክር በሦስት ስንዝር ይበልጣል። አልቋል ብለው ከደወሉልኝ በኋላ፣ ሲጠብቁኝ ሳይሠሩ አልተቀመጡም ነበር። እዚያው መቃኑ ሥር ቆሜ አለቀስኩ፤ አፍሬም ነበር።

ከዚያ ዘጋሁት። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሊያ በአባቷ ቦታ ተቀምጣ ታየኛለች። ክሩን ስቆርጥ ምን እንደምታደርግ የሚነግራት አልነበረም። ተነሥታ ሻርፑን አንገቴ ላይ ጣለችውና በአማርኛ፣ ጥርት ባለ የአባቷ አነጋገር፣ «በላይሽ ይለቅ» አለችኝ። ለካ ከጎን ካለው ክፍሏ ስትሰማው ኖራለች።

ጋሽ ተፈራ፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። ሻርፑ ረጅም ነው፣ የቱንልባናው በር እንዳይዘው ሁለቴ አዙሬዋለሁ። መቃኑ ላይ ክራቸው ለቀረና ሻርፓቸው ላልተዘጋ ሁሉ ሊያና እኔ እየደወልን ነው፣ መጥተው ይዘጋሉ። አሁን ከጥያቄዎቼ ሁሉ አንዱ ብቻ ቀርቶኛል፤ መልሱንም እርስዎ ነዎት ደርሰው የሚያዩት። አባትዎ ጋቢውን ሳያወርዱ ጠብቀውዎት እንደሆነ፣ እባክዎ አይዘግዩ፣ ገብተው ይቁረጡት። በላይዎ ይለቅ።