በሁለት ዓይነት የተጻፈው የአባት ስም

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች «ቆጣሪ» ይሏታል። እንደ መብራት ቆጣሪ ግድግዳ ተደግፋ ስለምትውል ነው እያሉ ይቀልዱባታል እንጂ ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። አንድ መምህር የማዕረግ ዕድገት ሲጠይቅ፣ ጽሑፎቹን ሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሷቸው ቆጥራ ለኮሚቴው በአንድ ገጽ የምትልከው እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ስትቆጥር ተሳሳተች ተብሎ አያውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የመጣው ማመልከቻ ግን እጇን አሰረው። አመልካቹ የኮንትሮል ኢንጂነሪንግ መምህር ነው፤ የድሮ የክፍል ጓደኛዋ።

ማስተርሳቸውን የጀመሩት አብረው ነበር። በአንዲት ጠባብ ላብራቶሪ ሁለት የፕላስቲክ ታንክና አንድ ፓምፕ ገጥመው፣ ውሃው ሞልቶ ሳይፈስ ጎድሎም ሳይወርድ ምልክቱ ላይ እንዲቆም ኮምፒውተሩን ያለማምዱት ነበር። ቀመሩ የእሱ ነው። ውሃው ግን ቀመር አይሰማም፤ ወለሉን እያጥለቀለቀ ስድስት ወር አስለቀሳቸው። ፓምፑ ትእዛዝ ዘግይቶ እንደሚሰማ ደርሳበት፣ ትእዛዙ ቀደም ብሎ እንዲሄድለት ያደረገችው እሷ ናት። ውሃው ቀጥ ብሎ የቆመ ዕለት ካልሲያቸው እንደራሰ ሲስቁ ዋሉ።

በዚያው ወር አባቷ በጠና ታመሙና ትምህርቷን ትታ አስታማሚ ሆነች። እሱ ጽሑፉን ሲጨርስ ስምሽ ከስሜ ጎን ይግባ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ያልጨረስኩት ነገር ላይ ስሜን አልፈልግም ብላ እምቢ አለች። ኩራት ነበር። አባቷ ሲያርፉ እሷ ቤተ መጻሕፍቱ ተቀጠረች፤ እሱ ዶክተር ሆነ።

እንግዲህ ያን ሰኞ ስሙን ኮምፒውተሩ ላይ አስገብታ ፈለገች። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ ተጠቅሷል፤ ሁለት መቶ ስምንቱ የታንኩን ጽሑፍ ብቻ የጠቀሱ ናቸው። የጠቀሱትን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። አንዱ ለወተት ማቀነባበሪያ፣ አንዱ ለግድብ በር ተጠቅሞበታል። ሁሉም «የእሱ ዘዴ» ይላሉ። ከሁሉ ያንገበገባት የምትወቅሰው ማጣቷ ነው። ቀምቷት ቢሆን ኖሮ ረግማው ይወጣላት ነበር።

ወዲያው ሌላ ነገር አየች። የአባቱ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በአንዳንድ መጽሔቶች በአንድ «ኤስ»፣ በሌሎቹ በሁለት «ኤስ» ተጽፏል። ኮምፒውተሩም አንዱን ሰው ለሁለት ከፍሎታል። ኮሚቴው ቢያንስ አሥራ ሁለት ጽሑፎች፣ እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ተጠቅሰው ማየት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ስም አሥር አሉት። ሁለቱ ስሞች ሲደመሩ አሥራ አምስት ይሆናሉ።

ለሌላ ሰው ሁልጊዜ ትደምራለች። ለእሱ «አሥር» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ማኅተም መታች።

ረቡዕ ዕለት እሱ ራሱ መጣ። ከፓምፕና ከቫልቭ ውጪ ዓለም መኖሩን የማያውቅ ሰው ነው፤ አመልክት ብለው የገፋፉት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ሁለት ጽሑፍ እንደጎደለው የኮሚቴው ጸሐፊ ነግራዋለች።

«አንቺ ከቆጠርሽው ልክ ነው» አለና ስላስቸገራት ይቅርታ ጠይቋት ወጣ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ማታ ለታላቅ እህቷ ነገረቻት። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋን ሳታቆም ሰማቻትና፣ «የሰው ቀሚስ አሳጥሬ ብሰፋ የእኔ ይረዝማል?» አለች።

«እታለም፣ ምክር ብዬ አልመጣሁም።»

«እኔም ቀሚስ ነው ያወራሁት።»

በማግሥቱ ጸሐፊዋ ዘንድ ሄዳ ወረቀቱን አስመለሰች፤ በምትኩ አሥራ አምስት የሚል አስገባች። ፈርማ ማኅተም የመታችበት ቁጥር ስህተት ሆኖ በመገኘቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። በዚያ ማብቃት ትችል ነበር፤ እግሯ ግን ላብራቶሪው አደረሳት።

«ስምህ ለሁለት መከፈሉን ሰኞውኑ አይቼዋለሁ» አለችው። «ሆን ብዬ ነው የተውኩት።»

የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «ስምሽ ይግባ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀኸኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ለዚሁ ነው። ባትጠይቀኝ ኖሮ የምወቅሰው ሰው አላጣም ነበር።»

መፍቻውን መልሶ አነሳ። ከዚያ ሥራ አለብኝ ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም፤ እሷም አልለመነችውም።

ወሩ ሳያልቅ ማዕረጉ ጸደቀለት። አዳራሽ ውስጥ ሲጨበጨብለት እሷም ከበሩ አጠገብ ቆማ አጨበጨበች። አጠገቧ የነበረችው ባልደረባዋ፣ የድሮ ጓደኛሽ አይደል፣ ደስ ብሎሽ ይሆናል አለቻት። ደስ ብሎኛል አለች፤ ካንገት በላይ ነበር።

እሱ ከዚያ ወዲህ ቤተ መጻሕፍቱን አልረገጠም። መጽሐፍ ሲፈልግ ሰው ይልካል፤ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይላታል። በየዓመቱ መጨረሻ የመምህራኑ ሁሉ ቁጥር ሲጠየቅ፣ የእሱን ከዝርዝሩ ነጥላ ለባልደረባዋ ትሰጣታለች።

«ስሙን በሁለቱም አጻጻፍ ፈልጊው» ትላታለች። «ስትጨርሺ ደግሞ ስንት እንደሆነ አትንገሪኝ።»